በሰሜን ሸዋ ለአቅመ ደካማ ነዋሪዎች የሚደረግ ድጋፍ

በሰሜን ሸዋ ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ ወላጅ ላጡ ሕፃናት፣ ለተፈናቃዮችና «የድሃ ድሃ» ለሚባሉ ቤተሰቦች የሚደረገው ድጋፍ በአንድ መሥሪያ ቤት እጅ አይደለም። ዞኑ ያቅዳል፣ ያስተባብራል። ወረዳው በጀት ይይዛል። ቀበሌው ስም ይመዘግባል። የቀረውን ዕድር፣ ሰንበቴና ጎረቤት ይሸፍነዋል። ከሁሉም ክብደት ያለው ግን ቀበሌው ነው። ሰው ተረጂ የሚሆነው ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ዝርዝሩ የሚጻፈው ደግሞ እዚያ ነው።

እዚህ የምናወራው በአማራ ክልል ስላለው ሰሜን ሸዋ ነው። ፍቼን ዋና ከተማው ያደረገው የኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ ዞን ሌላ ነው፤ ሁለቱ በየጊዜው ይምታታሉ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በ1999 በተካሄደው ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 1,837,490 ነበር። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። ስለዚህ ዛሬም ዕቅድ የሚወጣው በትንበያ ነው።

መልክዓ ምድሩ

እዚህ አገር ስለ አገልግሎት ተደራሽነት ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ገደሉ ነው። የዞኑ ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርደው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ከፍታው ከ1,300 ሜትር በታች ነው። መንዝ ላይ ብርድ ገብሱን ይመታል፤ ቀወትና በረኸት ላይ ወባው አለ። ለደጋው ሰው የሚበጀው ለቆላው አይሆንም። መርሐ ቤቴ ደግሞ በጀማ ሸለቆ ተከልላ ስለኖረች፣ የዞኗን ከተማ ከማየት ይልቅ በሙከ ጡሪ በኩል አዲስ አበባ መግባት ይቀላት ነበር።

ከ1995 ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ጤና ኬላና ሁለት ሠራተኛ ለማድረስ ያለመ ነበር። ትልቅ ሥራ ነው፤ ማንም አይክደውም። ሆኖም ምጥ የያዛት ሴት ከጎጧ እስከ መኪና መንገዱ የምትሄደው ዛሬም በብዙ ቦታ በቃሬዛ ነው። ቃሬዛውን የሚያነሱት ወጣቶች የዕድሩ አባላት ናቸው።

ከቀድሞ እስከ 1977

ሸዋ የተቸገረን የማብላት ልማዷ የቆየ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1820ዎቹ፣ ድርቅ ከብቱን ፈጅቶ ረሃብ ሲገባ ንጉሡ የቤተ መንግሥቱን ጎተራ ለሕዝባቸው አስከፍተዋል። በክፉ ቀን፣ ከ1880 እስከ 1884፣ በሬ ሲያልቅ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረዋል ይባላል። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የድሃው መጠጊያ በዋናነት ቤተ ክርስቲያንና ባለጸጋው ነበር። ሰንበቴው ዛሬም አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተረኛው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፤ የቆሎ ተማሪውና የኔ ቢጤውም ከዚያው ይቀምሳል። ይህ በየትኛውም ዓመታዊ ሪፖርት ላይ አይገባም።

መንግሥታዊ ዕርዳታ መዋቅር የያዘው ከ1966 ወዲህ ነው። የወሎው ረሃብ ይፋትና ጥሙጋንም ነክቶ ነበር። በዚያው ዓመት የዕርዳታ ማስተባበሪያና መቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ።

1977ን ግን አካባቢው እስከ ዛሬ ዘመን ይቆጥርበታል። ድርቁ ከወሎ ተሻግሮ መንዝን፣ ግሼን፣ ኤፍራታንና አንጾኪያን መታ። የአንጾኪያ ሸለቆ የዕርዳታ ካምፕ ሆነ። ወርልድ ቪዥን ምግብና ሕክምና የሚሰጥበት ጣቢያ ከፈተ፤ ሰው ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ ወደዚያ ጎረፈ። ካምፑ ሲበተን ድርጅቱ ጥሎ አልወጣም። የተራቆተው ተራራ ላይ ችግኝ ተተከለ፣ ምንጭ ተጎለበተ፣ ትምህርት ቤት ተሠራ። ሥራው በድርጅቱ ስም ቢጠራም ጉድጓዱን የቆፈረው የአንጾኪያ ገበሬ ነው።

በዚያው ዓመት ነው የሠፈራው ዘመቻ የመጣው። መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ሰው እያነሳ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና መተከል ወሰደ። በአገር ደረጃ የተጓጓዘው 600,000 ያህል ነው። በፈቃድ ነው ይባል ነበር። ብዙው በግዳጅ እንደሄደ ግን የሚያከራክር አይደለም።

በመርሐ ቤቴ በኩል ታሪኩ ትንሽ ይለያል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት መንገድ፣ ውኃና ትምህርት ቤት ሠርቷል። ዓለም ከተማ በምትባለው የመርሐ ቤቴ ዋና ከተማ ያለው እናት ሆስፒታል የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። ከተማዋ ከጀርመኗ ፋተርሽቴተን ጋር የቆየ ወዳጅነት አላት።

የአሁኑ አሠራር

የ1987 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና አሳዳጊ ያጡ ሕፃናትን እንደሚረዳ ይደነግጋል። «አቅሙ በፈቀደ መጠን» የምትለዋ ሐረግ ወረዳ ላይ ስትደርስ በጣም ትጠባለች። ዞኑ የራሱ የተመረጠ ምክር ቤት የለውም፤ የክልሉ ክንድ ነው። ምክር ቤትና በጀት ያለው ወረዳው ነው። በጀቱ ከክልል በድጎማ መልክ ይመጣና አብዛኛው ለደመወዝ ይሄዳል። የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ወደ ቀበሌ ለመውረድ መኪና የሚለምነው ለዚህ ነው።

ክፍተቱን ለመድፈን በየቀበሌው የማኅበረሰብ እንክብካቤ ጥምረት ተቋቁሟል። ዕድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ መምህሩና የጤና ኤክስቴንሽኗ አንድ ላይ ተቀምጠው እህል፣ ደብተርና ገንዘብ ያሰባስባሉ። ሰብሳቢው ጠንካራ በሆነበት ቀበሌ ልጆች በዚህ ድጋፍ ይማራሉ። ደካማ በሆነበት ማኅተም ብቻ ነው ያለው።

ሴፍቲኔት

ከሁሉም ሰፊው ፕሮግራም በ1997 የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለተቸገሩ ቤተሰቦች ገንዘብ ወይም እህል የሚሰጠው ፕሮግራም ነው። በሰሜን ሸዋ በተለይ መንዝና የምሥራቁ ተዳፋት ወረዳዎች ገብተውበታል። ሁለት ዓይነት ተጠቃሚ አለ። መሥራት የሚችል ሰው ባለበት ቤት ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን ተሰልቶ እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ኩሬ ይቆፍራል። ሠራተኛ ጉልበት የሌለው ቤት፣ ማለትም ደጋፊ የሌለው አረጋዊ ወይም ሥራ የማይችል አካል ጉዳተኛ፣ ሳይሠራ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለጊዜው ከጉልበት ሥራው ትወጣለች። ክፍያዋ አይቋረጥም።

ምርጫው እንዴት ይካሄዳል? ወረዳው ለቀበሌው ኮታ ይሰጣል። የምልመላ ኮሚቴው በየጎጡ ይቀመጣል፤ በሬ ያለው፣ መሬት ያለው፣ ከተማ ልጅ ያለው እየተባለ ይጣራል። ከዚያ ሕዝብ ይሰበሰባል። ዋርካ ሥር ወይም ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ስሙ ጮክ ተብሎ ይነበባል። «እሱማ ሁለት ላም አለው!» የሚል ይነሳል። አንዲት ባልቴት «እኔን ማን ረሳኝ?» ትላለች። የሚነበበው ይታረማል፣ እንደገና ይነበባል። ያልረካ ሰው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ዘንድ መሄድ ይችላል።

በወረቀት ላይ ይህን ያህል ግልጽ ምርጫ በብዙ አገር አይገኝም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ኮታው የሚመጣው ከላይ ነው። 100 ሰው በተቸገረበት ቀበሌ የ60 ሰው ኮታ ከመጣ፣ ስብሰባው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን 40ው ባዶ እጁን ይመለሳል። ዘመድ አዝማድ ገባበት የሚለው ሐሜትም አይጠፋም። አንዳንዴ ሐሜት ብቻ ነው፤ አንዳንዴ እውነት አለው። ኑሮው ተሻሻለ የተባለ ቤተሰብ «ይመረቃል»፣ ማለትም ከዝርዝሩ ይወጣል። «አስመረቁኝ» ብሎ በደስታ የሚናገር ሰው ግን ብዙ አይገኝም።

የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ሲጀመር ከአማራ ክልል የተመረጠችው ደሴ ብቻ ነበረች። ደብረ ብርሃን የገባችው ፕሮግራሙ ሲሰፋ ነው።

ጤና መድንና ቤት

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 በ13 ወረዳዎች ተሞከረ። ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ፤ ሰሜን ሸዋ የገባው በኋላ ነው። መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮውን ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑላቸዋል። ቀድሞ ሰው ከቀበሌ የድህነት ወረቀት አጽፎ ሐኪም ቤት ይለምን ነበር። አሁን ደብተሩን ያሳያል። ደብተር ይዞ ሄዶ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» መባል ግን የተለመደ ነው። ለድሃ ደግሞ ያ ማለት አልታከምክም ማለት ነው።

በከተሞቹ ያልተወራለት ትልቅ ድጋፍ የቀበሌ ቤት ነው። በ1967 ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ የመጣው ይህ ቤት፣ በጥቂት ብር ኪራይ አረጋውያንን በከተማ መሀል አኑሯል። ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው አዘንብሏል። በየክረምቱ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶችና የመንግሥት ሠራተኞች የአቅመ ደካማ ቤት ያድሳሉ፤ በበዓል ዋዜማ ማዕድ ማጋራት አለ፤ ዘይት፣ ዱቄትና ዶሮ ይታደላል። ካሜራ አይቀርም። ካሜራውን መውቀስ ቀላል ነው። ቆርቆሮው ግን እውነተኛ ቆርቆሮ ነው።

አካል ጉዳተኞች

የ1999 ቆጠራ በአገሪቱ ያሉ አካል ጉዳተኞችን ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ አድርጎ መዘገበ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ የጋራ ሪፖርት ደግሞ 17.6 በመቶ ይላል። ልዩነቱ የመጣው ከአጠያየቁ ነው። የቱ ይቀርባል ቢባል፣ የቆጠራው በጣም ያነሰ መሆኑ ላይ ብዙ ባለሙያ ይስማማል። የወረዳ ዕቅድ በትንሹ ቁጥር ሲሠራ ክራንቹም ዊልቸሩም በዚያው ልክ ያንሳል።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ ምቹ እንዲሆኑ አዝዟል። አዳዲሶቹ ሕንፃዎች ላይ መወጣጫ ማየት ተለምዷል። አንዳንዱ ግን ቁልቁለቱ የጣርማ በርን ያስንቃል። ሌላው ጋ መወጣጫው እስከ በሩ ያደርስና ጉዳዩ ያለበት ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለም። ደግ ሠራተኛ ካለ ፋይሉን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። በአካቶ ትምህርት፣ ማለትም አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ጋር አብረው በሚማሩበት አሠራር በኩል ድጋፍ መስጫ ማዕከል ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። መስማት የተሳነው ገበሬ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ግን አስተርጓሚው ብዙውን ጊዜ ወንድሙ ነው። ከሳሹም ወንድሙ ሲሆን ምን ይደረጋል?

የአእምሮ ሕሙማንን በተመለከተ ከሆስፒታሉ ይልቅ ሸክሙን የያዙት ጸበሎቹ ናቸው። ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ ከመላ አገሪቱ ሕሙማን ይመጡባቸዋል። ጸበሉ ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ይሂድ የሚለው ሐሳብ ቀስ እያለ ተቀባይነት እያገኘ ነው።

ተፈናቃዮች

ያለፉት ዓመታት ከባዱ ሥራ ይህ ሆኗል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 አጣዬ ተቃጠለች። ማን ጀመረው በሚለው ላይ ወገኖች አይስማሙም፤ ቤት አልባ የሆነው ነዋሪ ግን በዓይን የሚታይ ነበር። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ተጠጋ። ከወለጋ በተደጋጋሚ የተፈናቀሉ ሰዎችም ደብረ ብርሃን ገብተው ቻይና ካምፕና ባቄሎ በሚባሉት መጠለያዎች ሠፈሩ። በወለጋ ከሚኖሩት አማሮች የ1977 ሠፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ይገኙበታል።

የደብረ ብርሃን ሰው ያን ጊዜ ያደረገውን መመስከር ይገባል። መንግሥት ሳይደርስ እንጀራ በመሶብ፣ ብርድ ልብስ በሸክም ወጣ። በዚያ ብርድ ሸራ ሥር ለተኛ ሰው ብርድ ልብስ ሕይወት ነው። የተለመደው የዕርዳታ ልክ በወር ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ ጥቂት ጥራጥሬና ዘይት ነው። በ2015 ሰኔ ላይ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካው ተራድኦ ድርጅት ዕርዳታው ይሰረቃል ብለው በመላ አገሪቱ ሥርጭቱን አቆሙ። ለወራት ተቋርጦ ሰነበተ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት ደግሞ መንገድ ሲዘጋ እህሉንም፣ የሴፍቲኔት ክፍያውንም፣ አምቡላንሱንም አብሮ ይዘጋል።

መሬትና መታወቂያ

በክልሉ የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል። ባሏ ለሞተባት ወይም ለፈታች ሴት ይህ ደብተር ከማንኛውም ዕርዳታ ይበልጣል። ጉልበት ያጣ አረጋዊም መሬቱን አከራይቶ ወይም የእኩል ሰጥቶ ይኖርበታል።

ደብረ ብርሃን በ2014 ሬጂዮ ፖሊስ (የአካባቢ ማዕከል ከተማ) ተብላ ተጠሪነቷ ለክልሉ ሆኗል። ዙሪያዋን ያለው የባሶና ወራና ገጠር ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ግን ከተማዋ ውስጥ ናቸው። ከገጠር መጥቶ ልጁ ቤት የተጠጋ አዛውንት የጤና መድን ወይም የድጋፍ ጥያቄ ሲያቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው መታወቂያውን ነው። የወረዳው ከሆነ «ወደ ወረዳህ» ይባላል። ወረዳው ደግሞ «ከቀበሌህ ደብዳቤ አምጣ» ይለዋል። ቀበሌው ለመድረስ የግማሽ ቀን መንገድ ከሆነ፣ የሚሄድለት ልጁ ነው።