ኦቶፋጂ ምንድን ነው?

ፍልሰታ በደረሰ ቁጥር እዚህ ጎንደር ቡና ላይ አንዱ ስልኩን ያወጣና «ጾም ኦቶፋጂን ያነሳሳል፣ ሴል ራሱን ያጸዳል» ይላል። በዚህ አልጣላም። ዘንድሮ ግን አንድ አስተያየት ሰጪ ጨመረበት፦ «በዘር የሚመጣ የክምችት በሽታም በጾምና በእንጉዳይ ይድናል። ኦቶፋጂን ማብዛት ብቻ ነው።» የክምችት በሽታ ማለት ሴል ውስጥ መፈጨት ያለበት ነገር ሳይፈጭ የሚከማችበት ነው። እዚህ ላይ እንነጋገር።

ኦቶፋጂ ሴል ያረጀ ዕቃውን ጠቅልሎ ሊሶዞም ወደሚባለው የሴሉ መፍጫ ክፍል ወስዶ የሚፈጭበት መንገድ ነው። ጃፓናዊው ሳይንቲስት ዮሺኖሪ ኦሱሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ኖቤል የተሸለሙበት ሥራ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል።

ጣጣው ያለው «ማብዛት» ላይ ነው። አዘዞ ያለ ወፍጮ ቤት አስቡ። የጤፉ፣ የሽሮው፣ የበርበሬው ወፍጮ ለየብቻ ነው። የበርበሬው ተበላሸ እንበል። በርበሬው ደጃፍ ላይ ይቆለላል፤ ቆይቶ መግቢያውን ይዘጋና የጤፉም ሥራ ይስተጓጎላል። ሊሶዞም ወፍጮ ቤቱ ነው፣ ኢንዛይሞቹ ወፍጮዎቹ። ጋውቸር በሚባለው የክምችት በሽታ የሚጎድለው አንድ ኢንዛይም ነው፣ ፖምፔ በሚባለው ሌላ። ታዲያ ወፍጮው ቆሞ ሳለ «ተሸካሚ ጨምሩ» ምን ይባላል? በፖምፔ ሕመምተኞች ጡንቻ ውስጥ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ይኸው ያልተፈጨ ክምር ነው።

ኦቶፋጂ ዕቃውን የሚጠቀልልበትን ጆንያ መቁጠርም ያሳስታል። ጆንያዎቹ የሚቆጠሩበት ኤልሲ3 የሚባለው ምልክት ኦቶፋጂ ሲፈጥን ይጨምራል፣ መውጫው ሲዘጋም ይጨምራል። ይህን ሳይለዩ የቀረቡ ግራፎች ያናድዱኛል።

ተፈጥሯዊ ውህዶቹን ግን አላጣጥልም። እንጉዳይና እርሾ ውስጥ ያለው ትሬሃሎዝ የተባለ ስኳር ቲኤፍኢቢ የሚባለውን ፕሮቲን ያነቃል። ረሃብም ያነቃዋል፣ አልክድም። ቲኤፍኢቢ አዳዲስ ወፍጮ ቤት ያስከፍታል፣ ያልተፈጨውንም በጓሮ በር ያስወጣል። ባተን የሚባለው የክምችት በሽታ ባለባቸው አይጦች ላይ ትሬሃሎዝ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ነገር ግን አዲሶቹም ቤቶች የሚሠሩት በዚያው ፕላን ነው፤ የበርበሬው ወፍጮ እዚያም ብልሽት አለበት። ትንሽ ትንሽ የሚፈጭ ከሆነ ብዛቱ ይረዳል። ጨርሶ ከሌለስ?

ደግሞ ትሬሃሎዝን ስንበላው አንጀት ውስጥ ያለ ኢንዛይም አብዛኛውን ወደ ግሉኮስ ይቆርጠዋል። የእንጉዳይ ወጥና ላብራቶሪ ሴል ላይ የሚፈስ ትሬሃሎዝ አንድ አይደሉም። አኩሪ አተር ውስጥ ያለው ጄኒስቲን የተባለ ውህድም ሳንፊሊፖ የሚባለው የክምችት በሽታ ባለባቸው ልጆች ላይ በከፍተኛ መጠን ተሞክሯል። አይጦች ላይ ታይቶ የነበረው ተስፋ ልጆቹ ላይ የሚጨበጥ ለውጥ አላመጣም።

ማንም ባይጠይቀኝም አንድ ልጨምር። ግላይኮጅን (ሰውነት ግሉኮስን የሚያስቀምጥበት መልክ) የሚከማችባቸው በሽታዎች ብዙ ናቸው። ፖምፔ ዓይነት 2 ነው። ዓይነት 1 ከሊሶዞም ጋር አይገናኝም፤ ጉበት ግሉኮስ መልቀቅ ሲያቅተው የሚመጣ ነው። ይህ ያለበት ሕፃን ጥቂት ሰዓት ሳይበላ ቢቆይ የደም ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። እና «የክምችት በሽታ በጾም ይድናል» ስትል የትኛውን ማለትህ ነው ወንድሜ?