ችግኝ ተከላ ብቻ አይደለም፦ ስለ መሬት መልሶ ማልማት የተግባር ትምህርት የሚወሩ የተሳሳቱ ነገሮችና እውነታው

ክረምት በመጣ ቁጥር የተፈጥሮ ሀብት ወይ የደን ዲፓርትመንት ተማሪ ዘመድ ቤት ሲሄድ «እናንተ እኮ ችግኝ ተከላ ነው የምትማሩት» ይባላል፣ አንዳንዴ የገዛ ወላጁ ሳይቀር። እኔ ተማሪ ይዤ ፊልድ የምወጣ ሰው ነኝና ይሄን ስሰማ ዝም ማለት ይከብደኛል። የተራቆተ መሬት እንዲያገግም መርዳት ከሁሉ በፊት መሬቱን ማየት መቻል ነው፣ ይሄ ደግሞ በስላይድ አይመጣም። ብዙ ጊዜ የሚደጋገሙትን ላንሳ።

«መልሶ ማልማት ማለት ችግኝ መትከል ነው»

በጣም የተስፋፋው ይሄ ነው። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም ሲጀመር ሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ነበር፣ ሰው ስለ ዛፍ ማሰቡ በጣም ደስ ይላል፣ ግን ከመቆፈራችን በፊት መጠየቅ ያለበት ነገር አለ፦ ይሄ መሬት ዛፉን ያጣው በምንድነው? ልቅ ግጦሽ ከሆነ ከብቱ እስካለ ድረስ የተከልከው ሁሉ መኖ ነው። ወላይታ ሁምቦን እዩ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረ ሥራ ነው፣ 2,728 ሄክታር፣ ተራራው አብዛኛውን ያገገመው ከችግኝ ሳይሆን ከጉቶ ነው። ዛፉ ተቆርጧል እንጂ ስሩ አልሞተም ነበር፣ ስለዚህ ከሚያቆጠቁጠው ውስጥ ጠንካራውን መርጦ ማስቀረት፣ ሌላውን መግረዝና ከብት እንዳይገባ መጠበቅ ነበር ዋናው ሥራ። ለዚህ ነው ተማሪ መጀመሪያ ፊልድ ሲወጣ ዶማ የማልሰጠው፣ ጉቶ ፈልግ ነው የምለው። በህይወት አለ? ስንት ቀንበጥ አውጥቷል? ጫፉን ማን በልቶታል፣ ፍየል ነው ማጭድ?

ደቡብ ጎንደር ያሉት የቤተክርስቲያን ደኖች ላይም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ዶ/ር አለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ለረጅም ጊዜ ያጠኑ ሰው ናቸው፣ ከብት በሚገባበት ደን ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ከስራቸው ያለው መሬት ግን ባዶ ነው፣ ተተኪ የለም፣ ዙሪያው የድንጋይ ካብ ሲታጠር ግን ታዳጊዎቹ የመትረፍ ዕድል ያገኛሉ።

«እሺ ታዲያ፣ ከልሎ መተው ነው፣ ራሱ ይመለሳል»

ይሄኛው ግማሽ እውነት ስለሆነ የበለጠ ያስቸግራል። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ የተደረጉ ቦታዎች ሣሩና ቁጥቋጦው ቶሎ ይመለሳል፣ ውሃው ይሰርጋል፣ አፈሩ መታጠቡ ይቀንሳል። ዛፉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአገራችን ደረቅ የደጋ ደኖች ላይ በተሰሩ ጥናቶች አፈር ውስጥ ተቀብሮ ከሚገኘው ዘር አብዛኛው የቅጠላቅጠልና የሣር ነው፣ የብዙዎቹ ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ረጅም ጊዜ አይቆይም። ስለዚህ በአካባቢው እናት ዛፍ ከሌለ ዘሩ ከየት ይመጣል? ተማሪዎች ይሄን በእጃቸው ነው የሚያዩት፣ ከተለያየ ጥልቀት አፈር ይወስዳሉ፣ ችግኝ ጣቢያ ወስደው ትሪ ላይ ዘርጋ አድርገው ያጠጡታል፣ ከዛ የሚበቅለውን እየለዩ ይቆጥራሉ። ትሪው ሁሉ አረም ብቻ ሲሆን ያኔ እዚህ ቦታ መትከል እንደሚያስፈልግ ይገባቸዋል፣ እኔ ስላልኳቸው ሳይሆን አፈሩን ስላዩ።

«ለመትከል መጀመሪያ ቁጥቋጦውን መመንጠር ነው»

እባካችሁ ይሄን ተዉ። ትግራይ ውስጥ በተከለሉ ቦታዎች የወይራ ጥናት ተሰርቶ ነበር፣ የወይራ ታዳጊዎች በብዛት የሚገኙትና የሚተርፉት ገላጣ ላይ ሳይሆን ቁጥቋጦ ስር ነው። ወፏ የወይራ ፍሬ በልታ ቁጥቋጦው ላይ ታርፋለች፣ ዘሩ እዛው ይወድቃል፣ ጥላ ያገኛል፣ ቅርንጫፉ ከፍየል ይሸፍነዋል። በበጋ ሄዳችሁ ክትክታ ስር ተንበርክካችሁ ቅርንጫፉን ገለጥ ብታደርጉ ጣት የምታክል ወይራ ቅጠሏ አረንጓዴ ሆኖ ልታገኙ ትችላላችሁ፣ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ገላጣው ላይ ያለችው ግን ወይ ደርቃለች ወይ ተግጣለች። ይሄን አንዴ በአይኑ ያየ ተማሪ ነገ የወረዳ ባለሙያ ሲሆን ኮረብታውን ሙሉ አስመንጥሮ ጉድጓድ አያስቆፍርም።

«የጉልበት ሥራ ነው፣ ዲግሪ ምን ያደርግለታል»

ጉልበት አለው፣ አልክድም። ግን 20 በ20 ሜትር ቦታ በገመድ ለክቶ የዛፉን ውፍረት በ1.3 ሜትር ከፍታ ላይ መለካት፣ ችግኙን ከታዳጊው ለይቶ መቁጠር፣ ከዛ ቁጥሩን አይቶ ይሄ ደን እየታደሰ ነው ወይስ እያረጀ ብሎ መናገር ሙያ ነው። ችግኝ ጣቢያም እንደዛው፣ ስሩ ከፕላስቲኩ ስር ወጥቶ መሬት እንዳይዝ በየጊዜው መቁረጥ፣ ከመተከሉ በፊት ውሃውን ቀስ በቀስ ቀንሶ ማለማመድ፣ ስንቱ ነገር አለ። ስንት ችግኝ ነው ፕላስቲኩ ሳይወልቅለት የሚተከለው! ስሩ ውስጡ እየተጠማዘዘ ቀስ ብሎ ይሞታል፣ ከላይ ሲያዩት ግን የተተከለ ነው፣ ሪፖርቱ ላይም ተቆጥሯል።

«ገበሬው አጠፋው፣ ዩኒቨርሲቲው ሄዶ ያስተምረዋል»

አብርሃ ወአጽብሃ የምትባለው የትግራይ መንደር እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግስታት የኢኳተር ሽልማት ያገኘችው በህብረተሰቡ በራሱ ሥራ ነው። እኛ ተማሪ ይዘን ስንሄድ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ጋር ቁጭ እንላለን፣ ድሮ ደኑ እስከየት ነበር፣ የቱ ምንጭ ደረቀ፣ ወይራው መቼ አለቀ፣ ይሄን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ደግሞ ከተከለለው ቦታ ሣሩን ማን ነው የሚያጭደው፣ እንዴትስ ይከፋፈላል የሚለው በመተዳደሪያ ደንብ ካልታሰረ አጥሩ አንድ ክረምት አይዘልቅም።

ስለ ባህር ዛፍም በአጭሩ፦ «ስሩ ምንም አይበቅልም» የሚለው ሁሌ ልክ አይደለም። ሙኔሳ ሻሸመኔ ላይ በሰው የተተከሉ ደኖች ጥላ ስር አገር በቀል ዝርያዎች ሲበቅሉ ታይቷል፣ ዋናው ዘር የሚመጣበት የተፈጥሮ ደን በቅርብ መኖሩና አያያዙ ነው።

«በአንድ ሴሚስተር የሚያልቅ ኮርስ ነው»

ትልቁ ችግራችን እዚህ ጋር ነው። አሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1935 አንድ የተራቆተ እርሻ ወደ ድሮው የሣር ሜዳ ለመመለስ ሥራ ተጀመረ፣ በ1940ዎቹ እዛው በተሰራ ሙከራ ሜዳው በየጊዜው እሳት እንደሚፈልግ ታወቀ፣ ዛሬም ድረስ ያው ቦታ ላይ ይማሩበታል። እኛ ጋር የሚተከለው ሐምሌ ነው፣ ብዙው ተማሪ ያኔ እረፍት ላይ ነው፣ ችግኙ የሚሞተው ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሁሉም ሚድና ፋይናል ላይ ነው። መፍትሄው ከባድ አይደለም፦ ቋሚ ፕሎት (በየዓመቱ የሚቆጠር የተለካ ቦታ) ይኑር፣ ማዕዘኑ ላይ ችካል ይመታ፣ ጂፒኤሱ ይመዝገብ፣ ሚያዝያ ላይ የፅድቀት ቆጠራ፣ ማለትም ስንቱ ችግኝ እንደተረፈ፣ የሚቆጥረው የሚቀጥለው ባች ይሁን፣ ውጤቱ ደግሞ መደርደሪያ ላይ ከሚቀር አንድ ኮፒ ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ ይሰጥ። ዘንድሮ ፊልድ የምትወጡ ልጆች፣ ዶማ ከመያዛችሁ በፊት አምና የተቆጠረበት ደብተር የት እንዳለ ጠይቁ፣ ከሌለ እናንተ ጀምሩት።