የቀበቶ መያዣ ነጥብ ምንድን ነው? የአሮጌ ፊልድ መኪና ቀበቶ ሲቀየር

አሮጌ ፊልድ መኪና የገዛ ሰው ስለ ደህንነት ቀበቶው ሲያስብ መጀመሪያ የሚያየው ጨርቁን ነው። ጠርዙ ተተልትሏል፣ ቀለሙን ፀሐይ በልቶታል፣ መቆለፊያው አልያዝ ይላል። ጭራሽ ቀበቶ የሌለው መኪናም አለ። እናም አዲስ ይገዛል፣ በድሮው ቀዳዳ ይታሰራል፣ አለቀ ደቀቀ። ጨርቁን መቀየር ግን ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ ነገር ቀበቶው የሚታሰርበት ቦታ ነው።

የቀበቶ መያዣ ነጥብ የሚባለው ቀበቶው በቡሎን ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ዛሬ የምናውቀው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ እንዲህ ያሉ ሦስት ቦታዎች አሉት። ሁለቱ ከዳሌ ግራና ቀኝ ዝቅ ብለው፣ አንዱ ትከሻ አካባቢ። ይህን ቀበቶ የነደፈው የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. መኪና ላይ ተገጥሞ መሸጥ ጀመረ፤ ቮልቮም ሌሎች አምራቾች እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ያም ሆኖ ከዚያ በኋላ የተሠሩ ብዙ ፊልድ መኪኖች የወገብ ቀበቶ ብቻ ይዘው ነው የወጡት። ለትከሻው ማሰሪያ የሚሆን ቦታ አልተዘጋጀላቸውም።

ቡሎኑ ምን ያህል ጉልበት እንደሚችል ለመገመት ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግንብ ጋር ተጋጨ እንበል። የመኪናው ፊት ተጨፍልቆ፣ ቀበቶውም ትንሽ ተለጥጦ፣ ተሳፋሪው በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ ቆመ። ሰውየው 70 ኪሎ ከሆነ ቀበቶው ላይ የሚያርፈው ኃይል በአማካይ ወደ 1.4 ቶን ይጠጋል። አሮጌ ፊልድ መኪና ደግሞ ሻንሲው ጠንካራ ስለሆነ ፊቱ እንደ ዘመናዊ አውቶሞቢል በቀላሉ አይጨፈለቅም። የመቆሚያው ርቀት ሲያጥር ኃይሉ ይጨምራል። የአሜሪካው የደህንነት መስፈርት የወገብ ቀበቶ ብቻ ላለው መቀመጫ መያዣዎቹ 5,000 ፓውንድ፣ ማለትም 2.3 ቶን ያህል ጉተታ እንዲችሉ የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን የእናንተን መኪና ምንጣፍ ግለጡት። ቡሎኑ ዙሪያ ያለውን ላሜራ በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጉት። ከመኪናው ስር ገብታችሁም ድገሙት፤ ጭቃ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ካቻቢቴው ከሰመጠ ወይም ዝገቱ እየተቀረፈ ከወረደ ያ ቦታ ሰው አይዝም። ላዩን ቀለም መቀባት ራስን ማታለል ነው። የበሰበሰው ተቆርጦ ይውጣ፣ ጤነኛ ላሜራ ይበየድበት፣ ቀበቶው ከዚያ በኋላ ይታሰብ።

የድሮዎቹ ላንድሮቨሮች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። አብዛኛው የውጭ አካላቸው አሉሚኒየም ነው። እንደ ብረት አይዝግም፣ ጥሩ። ግን ስስ አሉሚኒየም ላይ በትንሽ ሮንዴላ የታሰረ ቡሎን ግጭት ሲመጣ ላሜራውን ቀዶ ይወጣል። ጉተታውን ወደ ሻንሲው ወይም ወደ ጠንካራ ብረት የሚያደርስ ድጋፍ ያስፈልገዋል።

ብረት አካል ላይም ቢሆን ከላሜራው ጀርባ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ብረት መግባት አለበት። ለማነጻጸሪያ ያህል፣ የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን (ኤፍአይኤ) የእሽቅድምድም ደንብ ይህ ብረት ቢያንስ 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋትና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው ይጠይቃል። ጠርዙ እንዳይቆርጥ ሞረድ ሞረድ ይደረግ። ቡሎኑም ከተገኘው ዕቃ መሃል የሚለቀም አይደለም። ብዙ የቀበቶ ቡሎኖች 7/16 ኢንች ሆነው ጥርሳቸው ደቃቅ ነው። በሚሊ ሜትር የሚለካውን አስገድዶ ማስገባት ጥርሱን መብላት ነው።

የትከሻው ነጥብ ሌላ ራስ ምታት ነው። ጣሪያቸው በሸራ የሚሸፈን መኪኖች ከበሩ ኋላ እስከ ላይ የሚደርስ ምሰሶ የላቸውም። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ማሰሪያውን ከመቀመጫው ጀርባ ወደ ወለል ያወርደዋል። አደገኛ ነው! ነጥቡ ከትከሻ በጣም ዝቅ ሲል ቀበቶው ሰውን ወደ መቀመጫው ከመያዝ አልፎ ወደ ታች ይጨፈልቀዋል፤ ጫናውን የሚቀበለው አከርካሪ ነው። መፍትሔው መኪናው ሲገለበጥ ሰውን የሚከላከል፣ በደንብ የታሰረ የብረት ቱቦ (ሮል ባር) ነው። ቱቦውን እንዲሁ በስቶ ቡሎን ማሳለፍ ግን ያዳክመዋል፤ ቀዳዳው ውስጥ ቁራጭ ቱቦ ገብቶ ዙሪያው መበየድ አለበት።

ነጥቦቹ ከተስተካከሉ በኋላ የሚመጣው ሪትራክተር የሚባለው መጠቅለያ ነው። ውስጡ ትንሽ ኳስ ወይም ተንጠልጣይ ክብደት አለ። መኪናው ድንገት ሲቆም ወይም በጣም ሲያዘነብል ይንቀሳቀስና ጥርሱን ይቆልፋል። በአውሮፓው ደንብ የተለመደው ዓይነት ከተገጠመበት አቋቋም እስከ 12 ዲግሪ ሲያጋድል መቆለፍ የለበትም፤ ከ27 ዲግሪ ሲያልፍ ግን የግድ መቆለፍ አለበት። ስለዚህ ለአንድ መኪና ቀጥ ብሎ እንዲቆም የተሠራውን ፈትቶ ሌላው ላይ አጋድሞ ማሰር ብዙውን ጊዜ ከነጭራሹ የማይሳብ ቀበቶ ይሰጣችኋል። ሲገዛ ለየትኛው አንግል እንደተሠራ ይጠየቅ። በነገራችን ላይ፣ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ላይ ቀበቶው አልሳብ ካለ አልተበላሸም፤ ሥራውን እየሠራ ነው።

ሁለቱንም ትከሻ የሚይዘው የእሽቅድምድም ቀበቶ፣ ባለ አራት ነጥብ ሃርነስስ? ሲያዩት ያምራል፣ ወጣ ገባ ቦታ ላይም ሰውነትን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል። እኔ ግን በመንገድ ላይም ለሚነዳ መኪና አልመርጠውም። የትከሻ ማሰሪያዎቹ ሲወጠሩ የወገቡን ወደ ላይ ይስቡታል። ያኔ ከዳሌ አጥንት ተነስቶ ሆድ ላይ ይወጣል፣ ሰውየውም ከስሩ ይንሸራተታል። በእግሮች መሃል የሚያልፈው አምስተኛና ስድስተኛ ማሰሪያ የመጣው ለዚህ ነው። እሱ ደግሞ ቀዳዳ ያለው መቀመጫ ይፈልጋል። የትከሻዎቹ ማሰሪያዎችም ወደ ኋላ ሲሄዱ ከአግድም መስመር ከ45 ዲግሪ በላይ ዝቅ ማለት የለባቸውም፤ ከ10 ባይበልጥ ይመረጣል። በላዩ ላይ ሃርነስ ሰውን ቀጥ አድርጎ ስለሚያስር፣ መኪናው ቢገለበጥና ጣሪያው ቢደረመስ ዘንበል ማለት አይቻልም። መከላከያ ቱቦ የሌለው መኪና ላይ ሃርነስ መግጠም ሥራውን በግማሽ መተው ነው። ጥሩ ሪትራክተር ያለው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ፣ ጤነኛ ላሜራ ላይ ከታሰረ፣ ለብዙው ሰው ይበቃል።

ከተሰባበረ መኪና የተፈታ ቀበቶ ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል። ግጭት ላይ ሰው የያዘ ቀበቶ ግን ጨርቁ ተለጥጧል፤ ሁለተኛ ጊዜ እንደ መጀመሪያው አይሠራም። እስከ መጨረሻው ስባችሁ አውጡትና ስፌቱን፣ በተለይ ማጠፊያውን፣ በብርሃን ተመልከቱት። ቀበቶው የሚያልፍበት ፕላስቲክ ላይ የቀለጠ የሚመስል ጭረት ካለ መልሳችሁ ስጡት።