ከወንዱ በፊት አፈሩ፦ ስለ አርጃኖ እርባታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ከአዘዞ ማዳበሪያ ተሸክሞ መጣ። ማዳበሪያው ውስጥ የሞተች አርጃኖ፣ ያቺ ውኃ ዳር የምትኖረው ትልቅ እንሽላሊት፣ ነበረች። «ዶክተር፣ ምን ነካት? እስከ ትናንት መሬት ስትጭር ነበር» አለኝ። ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ ሆዷን ከፈትሁት። እንቁላል ብቻ ነው። አንድ በአንድ እያወጣሁ ቆጠርሁት፤ 34 ሆነ። ገሚሱ ፈንድቶ አስኳሉ ሆዷ ውስጥ ፈስሷል። ልጁ አጠገቤ ቆሞ ሁሉንም አየ። ከዚያ «ወንድ እኮ የላትም! ወንዱን ገና እየፈለግሁላት ነበር» አለኝ።

ይህን ነገር መስማት ሰልችቶኛል። ውጭ አገር 9 ዓመት በተሳቢ እንስሳት ክሊኒክ ሠርቻለሁ። እዚያ ከሱቅ ገዝተው ቤት ውስጥ የሚያሳድጓት ብዙ ናቸው። እነሱም ይሉኝ የነበረው ይህንኑ ነው። ጎንደር ከተመለስሁም በኋላ ከአሜሪካ የሚደውሉልኝ የአገሬ ልጆች አሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ወንድ ከየት ላግኝላት?» ስለዚህ ዛሬ ሁሉንም በአንድ ቦታ ልጻፈው። ከትንንሾቹ ልጀምር።

«አርጃኖ የአዞ ልጅ ናት።» አይደለችም። አዞ በዘር ሐረጉ ከአርጃኖ ይልቅ ለዶሮ ይቀርባል። የአርጃኖ የቅርብ ዘመድ እባብ ነው።

«ማታ ማታ ላም ትጠባለች።» መጥባት የሚችል ከንፈር የላትም።

«ንክሻዋ ይገድላል።» አይገድልም። ግን ጥርሷ ጣት ይተለትላል፣ ጅራቷም አለንጋ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሳልሞኔላ የሚባለውን ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ፣ እሷ ምንም ሳትታመም ተሸክማው ትኖራለች። ከነካችኋት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሕፃን ያለበት ቤት ጭራሽ ባትገባ ይሻላል።

«ጎንደር ፀሐይ ሞልቷል፣ ማሞቂያ ምን ያደርግላታል?» ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ያለ ወይና ደጋ ነው። አማካይ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ገደማ ነው። የታኅሣሥን ሌሊት ደግሞ እናውቀዋለን። አርጃኖ የራሷን ሙቀት አትሠራም፣ ከውጭ ትወስዳለች። የበላችውን ለመፍጨት ሰውነቷ ወደ 35 ዲግሪ መድረስ አለበት። ለዚህም የምትተኛበት ድንጋይ እጅ የማያስቆም መሆን አለበት፤ 50 ዲግሪና ከዚያ በላይ። ሌላው ጥግ ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ጥላ ይሁን፤ እየተመላለሰች ራሷ ትመርጣለች። አንድ አምፖል ሰቅሎ መተው አይበቃም። መብራት ሲሄድ ምን እንደምታደርጉ ካላሰባችሁበት ደግሞ ገና አልጀመራችሁም።

«ሥጋ እስከበላች ድረስ ጤነኛ ናት።» ይሄኛው ያናድደኛል። ሰው ከሉካንዳ ቁርጥራጭ ሥጋ እየገዛ ይሰጣትና በደንብ እንደመገባት ያስባል። ጥሬ ሥጋ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ እዚህ ግባ የማይባል ነው። በዱር ያለችው አርጃኖ ሸርጣን ከነቅርፊቱ፣ ዓሣ ከነአጥንቱ፣ አይጥ ከነፀጉሩ ትውጣለች። ቀንድ አውጣ ትሰብራለች፤ የአዞ እንቁላል እንኳ ካገኘች አትምርም። ካልሲየሟ የሚመጣው ከዚያ ሁሉ አጥንትና ቅርፊት ነው። ለስላሳ ሥጋ ብቻ እየበላች ያደገች አንዲት አርጃኖ ክሊኒክ መጥታ መንጋጋዋን በሁለት ጣቴ ያዝ ባደርገው እንደ ላስቲክ ተጣጠፈ። ባለቤቷ አለቀሰች። ሦስት ዓመት ሙሉ ሥጋዋን ከራሷ ምግብ አስበልጣ ነበር የምትገዛላት። ይህን ጉዳይ ልብ በሉት፣ ከእንቁላሉም ጋር ይገናኛል። ካልሲየም ያጣ ጡንቻ እንቁላል ገፍቶ ማውጣት አይችልም።

«ወንድና ሴቱን በዓይኔ እለያለሁ።» እኔ በዓይኔ አልለይም። ወንዱ ብዙ ጊዜ ይገዝፋል፣ ጭንቅላቱም ይሰፋል። ግን ወጣት ወንድና ትልቅ ሴት ጎን ለጎን ሲቆሙ ይህ አይሠራም። ጅራቷ ሥር ተጭነው ብልት ሲወጣ አይተው «ወንድ ነው» የሚሉም አሉ። ሴቷም ተመሳሳይ ነገር አላት፣ ሲጫኑትም ይወጣል። «ወንድማማቾች» ተብለው አብረው ካደጉ ሁለት አርጃኖዎች አንደኛው እንቁላል ሲጥል በዓይኔ አይቻለሁ። በአንዳንድ ዝርያዎች በትልልቆቹ ወንዶች ብልት ውስጥ በራጅ የሚታይ ትንሽ አጥንት አለ። አልትራሳውንድም ይረዳል።

አሁን ወደ ዋናው።

«ወንድ ካላገኘች እንቁላል አትጥልም። ጥንድ ካለ ደግሞ ሌላው በራሱ ይመጣል።»

ዶሮ ያሳደገ ሰው ይህን እንዴት እንደሚል አይገባኝም። ቄብ ዶሮ አውራ በሌለበት ግቢ እንቁላል ትጥል የለም እንዴ? አይፈለፈልም እንጂ መጣሏ አይቀርም። አርጃኖም እንደዚያው ናት። ዕድሜዋ ሲደርስ፣ ስትጠግብ፣ ሲሞቃት እንቁላል ትይዛለች። ወንድ መኖር አለመኖሩን ሆዷ አይጠይቅም። እንዲያውም የአርጃኖ ታላቅ ዘመድ የሆነው ኮሞዶ ከዚህ አልፎ ሄዷል። በእንግሊዝ አገር በለንደንና በቼስተር የእንስሳት ማቆያዎች፣ ሴት ኮሞዶዎች ያለ ወንድ ዘር የጣሉት እንቁላል ሽል መያዙ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ሆኗል።

ስለዚህ እንቁላሉ ይመጣል። መጠየቅ ያለባችሁ የት ትጥለዋለች ብላችሁ ነው።

በዱር አርጃኖ እንቁላሏን የትም አትበትንም። ኩይሳ ትፈልጋለች። ምስጥ ያለበት፣ ሕይወት ያለው ኩይሳ። ዝናብ ሲያርሰው ጎኑን በጥፍሯ ትሰብራለች፣ ገብታ ትጥላለች፣ ትታው ትሄዳለች። ምስጦቹ ቤታቸው ተከፍቶ አያድሩም፣ ቀዳዳውን ይደፍኑታል። እንቁላሉ እዚያ ታሽጎ ይቀመጣል። የኩይሳ ውስጥ በጋም ክረምትም ሞቃትና እርጥብ ነው። በአንድ ጊዜ ከ12 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። ጫጩቶቹ ከወራት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ዝናብ ኩይሳውን መልሶ ሲያለሰልሰው፣ ቆፍረው ይወጣሉ። ጥቁር ናቸው፣ በላያቸው ላይ ቢጫ ነጠብጣብና ቀለበት አለ። በጣም ያምራሉ።

አሁን ይህችኑ እንስሳ ሲሚንቶ ወለል ላይ አስቡልኝ። ወይም ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ሰጋቱራ የተነሰነሰበት ሣጥን ውስጥ። ጊዜዋ ሲደርስ ጥግ ጥጉን ትጭራለች። ሣጥኑን ትዞራለች፣ ተመልሳ ትጭራለች። ምግብ ትተዋለች። ጥፍሯ አልቆ ይደማል። ባለቤቱ «መውጣት ፈልጋ ነው» ወይም «እየተጫወተች ነው» ይላል። የምትፈልገውን ቦታ ስታጣ እንቁላሉን ትይዘዋለች። አንዳንዷ ጥቂቱን ውኃ መጠጫዋ ውስጥ ጥላ ሌላው ውስጧ ይቀራል። ከዚያ ይበሰብሳል ወይም ይፈነዳል። የአዘዞው ልጅ «መሬት ስትጭር ነበር» ያለኝ ይህንን ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ስትለምነው ነበር፣ እሱ ግን ቋንቋዋን አላወቀም። አልተቆጣሁትም። የነገረው ሰው የለም።

ውጭ አገር ሳለሁ አንዲት ሴት ሳቫና ሞኒተር የሚሏትን አነስ ያለች ዝርያ ይዛ መጣች። የእንስሳዋ የፊት ጥፍሮች መስታወት ሲጭሩ አልቀዋል። በራጅ ስናያት ሆዷ ሞልቷል፣ ግን ገና ጠንካራ ናት። ቀዶ ጥገናውን ለነገ ቀጠርንና ማታውን ትልቅ በርሚል እስከ ግማሹ እርጥብ አፈር ሞላንላት። ከላይ መብራት ሰቀልን፣ በጨርቅ ከለልናት፣ ወጥተን ሄድን። ጠዋት አፈሩ ላይ የለችም። ማንም እንዳይነካት አልሁ። ከሰዓት በኋላ ጭቃ ለብሳ ወጣች። ጎኗ ጎድጉዶ ዳሌዋ አካባቢ ቆዳዋ ተንጠልጥሏል። ስንቆፍር 21 እንቁላል አገኘን። ቀዶ ጥገናው ቀረ።

እንግዲህ አፈሩ እንዴት ያለ ይሁን? ጥልቀቱ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ለትልቋ አርጃኖ ከዚያም በላይ። አፈርና አሸዋ ተቀላቅሎ ይሁን። እፍኝ አንሡና ጨብጡት። እጃችሁን ስትከፍቱ እንደ ጭብጦ ቅርጹን ከያዘ ጥሩ ነው። ከተበተነ ደርቋል፣ ጉድጓዷ ይናድባታል። በጣታችሁ መሐል ውኃ ከወጣ በዝቷል። ታች ያለው አፈር 28፣ 30 ዲግሪ ድረስ ይሙቅ፤ በቀዝቃዛ አፈር አትጥልም። አፈሩ ሆዷ ከማበጡ ከወራት በፊት እዚያ ይኑር፤ ቆፍራ ትመነው። ከገባች በኋላ ደግሞ አትቆፍሩባት። ሁለት ቀን ብትሰወርም አትቆፍሩባት! እንቁላል ይዛ አፈር እያላት ሳትጥል ከቀረች፣ ምግብም ትታ ከደከመች፣ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ውሰዷት።

የአዘዞው ልጅ እንቁላሎቹን ካየ በኋላ ሁለተኛ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ያልፈነዱትን የዶሮ መፈልፈያ ማሽን ውስጥ ብናስገባቸውስ?» የእሷስ ወንድ ስላልደረሰባት አይሆንም። ግን ይህም ራሱን የቻለ ስህተት ስለሆነ ልመልሰው።

የዶሮ እንቁላል ይገለባበጣል። ዶሮዋ በምንቃሯ፣ ማሽኑ በሞተሩ ያገላብጠዋል። የአርጃኖ እንቁላል ከተጣለ አንድ ቀን ገደማ በኋላ ሽሉ ከላይኛው የቅርፊቱ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ያኔ ከገለበጣችሁት ትገድሉታላችሁ። የዶሮ ማሽን 37 ዲግሪ ተኩል ላይ ይሠራል፣ የአርጃኖ እንቁላል የሚፈልገው 29፣ 30 ነው። የዶሮ በ21 ቀን ይፈለፈላል፣ የአርጃኖ ወራት ይፈጃል። ቅርፊቱም እንደ ቆዳ ለስላሳ ነው፣ ከአካባቢው ውኃ እየመጠጠ ያብጣል። ጎንደር ማራኪ ሰፈር ያለ አንድ ጎበዝ ዶሮ አርቢ ጣና ዳር ካለችው ጎርጎራ ያመጡለትን የአርጃኖ እንቁላል ማሽኑ ውስጥ አስገብቶ ነበር። በሁለት ሳምንት ሁሉም እንደ ደረቀ በለስ ተጨማደደ። በዶሮ ሥራው የሚተካከለው የለም፤ እንቁላሉ ግን የዶሮ አልነበረም።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። እንቁላሉን ከማንሳታችሁ በፊት አናቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ምልክቱ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ይሁን። እርጥበት በሚይዝ ነገር ግማሽ ድረስ ቅበሩት፣ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ። ሻጋታ ስላያችሁበት ብቻ አትጣሉት፤ ጤነኛ እንቁላልም አንዳንዴ ይሻግታል። መጨረሻ አካባቢ ሰርጎድ ቢል አትደንግጡ፣ መውጫው ደርሷል። ጫጩቱ ቅርፊቱን ቀዶ አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ አንድ ቀን ሊቆይ ይችላል። የቀረውን አስኳል እየመጠጠ ነው። ጎትታችሁ አታውጡት።

«ከጣና ዳር ይዞ አራብቶ መሸጥ ያዋጣል።» አርባ ምንጭ የአዞ እርባታ አለ አይደል ይሉኛል። አዎ፣ አለ። እሱ ግን በመንግሥት ፈቃድ ከሐይቁ ዳር እንቁላልና ጫጩት እየሰበሰበ የሚያሳድግ ተቋም ነው። በአገራችን ሕግ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝም መነገድም ክልክል ነው። አርጃኖ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ስላለች፣ እሷም ሆነች ቆዳዋ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርሁት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ዶክተር፣ ጓደኛዬ ቤት አንድ አለች፣ በዓሣ መረብ የተያዘች» አለኝ። አብረን ሄድን። በተገለበጠ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሥር ነበረች። ሆዷን ስዳስሰው እንቁላሉ ከጣቴ ሥር ይንከባለላል። ለዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኞች ደወልን፤ በማግስቱ ከእነሱ ጋር ጎርጎራ ወሰድናት። ዓሣ አጥማጁ የያዘባትን ቦታ አሳየን። ልጁ ራሱ ማዳበሪያውን ፈታላት። ለአፍታ ምላሷን አውጥታ አየሩን ቀመሰች። ከዚያ ደንገሉን እየተጋፋች ገባች። የጅራቷ ጫፍ እስኪጠፋ ድረስ ልጁ ከቦታው አልተነቃነቀም።