በሜጀር ሊግ ቤዝቦል የአዲስ ተጫዋች የመጀመሪያ ዓመት እንዴት ይመዘናል

በአሜሪካ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል አዲስ ገቢ ተጫዋች ሩኪ ይባላል። ስያሜው ልክ አለው። ባለፉት ዓመታት በሊጉ ከ130 በላይ የመምታት ሙከራ ያደረገ መቺ፣ ከ50 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) በላይ የወረወረ ወርዋሪ ወይም በዋናው ቡድን ዝርዝር ከ45 ቀን በላይ የቆየ ተጫዋች ሩኪነቱ አብቅቷል። ስለዚህ አንድ ልጅ በነሐሴ ከታችኛው ሊግ ተጠርቶ ጥቂት ሳምንታት ቢጫወትም በቀጣዩ ዓመት ሩኪ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል።

የዓመቱ ምርጥ ሩኪ ሽልማት የተጀመረው በ1947 ሲሆን የመጀመሪያው ተሸላሚ ጃኪ ሮቢንሰን ነው። ለብሩክሊን ዶጀርስ 0.297 አማካይ ምት አስመዘገበ፣ 29 ቤዝ ሰረቀ (ኳስ ሲወረወር ወደ ቀጣዩ ማረፊያ ሮጦ ደረሰ)፤ ይህንንም ያደረገው ጥቁር ተጫዋቾች ለአሥርት ዓመታት በተከለከሉበት ሊግ ስድብና ዛቻ እየወረደበት ነው። ከ1949 ጀምሮ ሜጀር ሊግን የሚመሠርቱት ሁለቱ ሊጎች፣ አሜሪካንና ናሽናል፣ የየራሳቸውን ሩኪ ይሸልማሉ። ድምፅ የሚሰጡት የቤዝቦል ጸሐፊዎች ማኅበር አባላት ናቸው። ሽልማቱ በ1987 በሮቢንሰን ስም ተሰይሟል።

አማካይ ምት ለጨዋታው እንግዳ ለሆነ አንባቢ ግር ሊል ይችላል። 0.300 ማለት ከአሥር ሙከራ ሦስቱ ተሳክተዋል ማለት ነው፤ ሰባት ጊዜ የከሸፈበት ሰው እንግዲህ ጎበዝ ይባላል። መክሸፍ የጨዋታው ዋና አካል በመሆኑ በአንድ ወር ቁጥር ልጅን ማወደስም መኮነንም ስህተት ነው። ዊሊ ሜይስ በግንቦት 1951 ለኒውዮርክ ጃየንትስ ሲጠራ በታችኛው ሊግ 0.477 እየመታ ነበር። ከፍተኛው ሊግ ገብቶ የመጀመሪያዎቹ 12 ሙከራዎቹ ባዶ ሆኑ። የ20 ዓመቱ ልጅ ሲያለቅስ ያገኘው አሠልጣኝ ሊዮ ዱሮቸር ከቦታው እንደማያነሣው ነገረው። ሜይስ ዓመቱን በ20 ሆምረን (መቺው ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ ነጥብ የሚያገኝበት ምት) ጨርሶ የሊጉ ምርጥ ሩኪ ሆነ።

እኔ ከሁሉ በላይ የሚታየው ነገር ተጋጣሚ ድክመቱን ካወቀበት በኋላ ልጁ የሚሰጠው ምላሽ ነው ባይ ነኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወርዋሪዎች አያውቁትም። ቪዲዮው ይታያል፣ ከፍ ያለ ፈጣን ኳስ ያቅተው እንደሆነ፣ ኳስ ልክ ሆና ከምትቆጠርበት ዞን ወጥታ የምትጠመዘዝ ኳስ ታባብለው እንደሆነ ይጠናል፤ ከዚያ ደጋግመው እዚያው ይወረውሩበታል። የኒውዮርክ ያንኪሱ አሮን ጃጅ በነሐሴ 2016 በመጀመሪያ ሙከራው ሆምረን መታ። ከዚያ ግን ተያዘ፤ 95 ጊዜ ለመምታት ቆሞ 42 ጊዜ በሦስት ስትራይክ (በሳተው ወይም ባሳለፈው ጥሩ ኳስ) ወጣ፣ አማካይ ምቱም 0.179 ሆነ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ለዚህ ደረጃ የሚሆን አልመሰለውም። የመምታት ሙከራው ግን፣ ወደ ቤዝ በነጻ የሄደበትና የመሳሰለው ስለማይቆጠር፣ 84 ብቻ ስለነበር በ2017 ሩኪነቱን እንደያዘ ተመለሰ። እስከ ዓመቱ አጋማሽ 30 ሆምረን መታ። ወርዋሪዎች እንደገና መላ አበጁለት፤ በነሐሴ አማካይ ምቱ 0.185 ወረደ። በመስከረም ደግሞ እሱ በተራው መልስ ሰጥቶ 15 ሆምረን ጨመረ። በጠቅላላው 52 ሆነ፤ ለሩኪ የዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን ነው። 208 ጊዜ በስትራይክ ቢወጣም መጥፎ ኳስ ሳይነካ እያሳለፈ 127 ጊዜ ወደ አንደኛው ቤዝ በነጻ ሄዷል። ይህን ትዕግሥት ከሆምረኑ በላይ አከብረዋለሁ፤ የመቺው ዓይን ምን ያህል እንደሚያይ የሚናገረው እሱ ነውና።

ከ2015 ወዲህ በሁሉም ስታዲየሞች ያሉ ካሜራዎችና ራዳሮች የተመታችውን ኳስ ፍጥነት ይለካሉ። በሰኔ 2017 ጃጅ ያስወነጨፋት አንዲት ኳስ በሰዓት 195 ኪሎ ሜትር ገደማ በርራለች። ይህ መለኪያ ኳሷ በተጫዋች እጅ ብትገባ እንኳ አመታቱ ጥሩ እንደነበር ስለሚያሳይ ገና ዕድል ያልቀናውን ልጅ ለመመዘን ይረዳል።

ዕድሜም መታሰብ አለበት። ኢቺሮ ሱዙኪ በ2001 ለሲያትል 242 ጊዜ ሲመታ 27 ዓመቱ ነበር፣ በጃፓን ከፍተኛ ሊግም ለዓመታት ነግሦ የመጣ ነው። ማይክ ትራውት በ19 ዓመቱ ተጠርቶ በ2011 በ40 ጨዋታ 0.220 ብቻ መታ፤ በቀጣዩ ዓመት 0.326 መትቶ 30 ሆምረንና 49 የተሰረቀ ቤዝ አስመዘገበ። ጥሩ ጅማሮ ሁልጊዜ አይዘልቅም፤ የክሊቭላንዱ ጆ ሻርቦኖ በ1980 በ23 ሆምረን ተሸልሞ በማግስቱ ዓመት ጀርባውን ታመመ፣ የሊግ ዘመኑም በ201 ጨዋታ ተቋጨ።

ከሜዳ ውጭ የቀን ቆጠራ አለ። 172 ቀን በዋናው ቡድን መቆየት እንደ አንድ ሙሉ ዓመት ይቆጠራል፣ ስድስት ዓመት የሞላው ተጫዋች ደግሞ ነጻ ሆኖ ከየትኛውም ቡድን ጋር ይደራደራል። የቺካጎ ከብስ በ2015 ክሪስ ብራያንትን ከውድድሩ መጀመር በኋላ ስለጠራው 171 ቀን ብቻ ተቆጠረለት። የዓመቱ ምርጥ ሩኪ ሆኖ አንድ ቀን ጎደለው፤ አቤቱታውም በ2020 ውድቅ ሆነ። ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር በ2022 የተፈራረሙት ስምምነት በሽልማቱ ድምፅ አንደኛና ሁለተኛ የወጡ ሩኪዎች ሙሉ ዓመት እንዲቆጠርላቸው ፈቀደ። በዚያው ዓመት በግንቦት የተጠራው የባልቲሞሩ አድሊ ረትችማን ሁለተኛ ወጥቶ ሙሉ ዓመቱን አገኘ።