«ወደ ፒኤንጂ አስቀይሬዋለሁ፣ ጥራቱ ጨምሯል» እና ሌሎች የፎቶ ፋይል ስሕተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ለእንግዳ ማረፊያዎች፣ ለምግብ ቤቶችና ለጀልባ አስጎብኚዎች ድረ ገጽ እሠራለሁ። ጄፔግና ፒኤንጂ ምስል የሚቀመጥባቸው ሁለት የፋይል ዓይነቶች ናቸው፤ ስለ እነሱ ከደንበኞቼ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ነገር አለ፤ «ፎቶዎቹን ወደ ፒኤንጂ አስቀይሬያቸዋለሁ፣ አሁን ጥራታቸው ጨምሯል።» አልጨመረም። ሊጨምርም አይችልም። ይህንኑ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ማስረዳት ስለታከተኝ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው። ሌሎቹንም ስሕተቶች አብሬ አነሣለሁ።

«ጄፔግን ወደ ፒኤንጂ መቀየር ጥራት ይጨምራል»

ጄፔግ እ.ኤ.አ. በ1992 ለፎቶግራፍ ተብሎ የወጣ መስፈርት ነው። ምስሉን ስምንት በስምንት ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች) በሆኑ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፋፍልና ከእያንዳንዳቸው ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ዝርዝር ያስወግዳል። ፋይሉ የሚቀለው በዚህ ምክንያት ነው። የተወገደው ዝርዝር ደግሞ የትም ተደብቆ አልተቀመጠም፤ ጠፍቷል። ፒኤንጂ በበኩሉ የተሰጠውን ፒክስል አንድም ሳያጎድል ይይዛል። እንግዲህ ጄፔግ የነበረውን ፎቶ ለፒኤንጂ ብንሰጠው በታማኝነት የሚጠብቅልን ያንኑ የጎደለውን ምስል ነው። ውኃ የበዛበት ጠላ ጋን ቢቀየርለት አይጠነክርም።

የሚጨምር ነገር ግን አለ፤ ክብደቱ። ጣና ዳር ማረፊያ ያላቸው አንድ አባት «ልጄ፣ ገጹ አልከፈት አለ፣ ኔትወርኩ ነው መሰለኝ» ብለው ጠሩኝ። ከፍቼ ሳየው በመጀመሪያው ገጽ ላይ 12 ፎቶዎች ተደርድረዋል፤ የማለዳው ሐይቅ ከነታንኳው፣ ክፍሎቹ፣ ጢስ ዓባይ። ሁሉም በስልክ የተነሡ ጄፔጎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸውም አራት ሜጋ ባይት አካባቢ። አንድ ዘመድ «ጥራት እንዲኖራቸው» ብሎ ሁሉንም ወደ ፒኤንጂ ቀይሯቸው እያንዳንዱ ከ20 ሜጋ ባይት አልፏል። አንድ እንግዳ ያንን ገጽ ለማየት ከ200 ሜጋ ባይት በላይ ማውረድ ነበረበት ማለት ነው። በሞባይል ዳታ ይህን የሚጠብቅ ሰው የለም፤ ዘግቶ ወደ ሌላ ማረፊያ ይሄዳል።

ክብደቱ ከየት መጣ? የሐይቁን ፎቶ አጉልታችሁ ተመልከቱት። ውኃው ከሩቅ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ይመስላል፤ ሲቀርብ ግን አጠገብ ላጠገብ ያሉ ሁለት ፒክስሎች እንኳ እምብዛም አይመሳሰሉም። አንዱ ትንሽ ይነጣል፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ ያደላል። ፒኤንጂ ፋይል የሚያቀልለው የሚደጋገም ወይም አስቀድሞ ሊገመት የሚችል ነገር ሲያገኝ ነው። ማዕበል ላይ ይህን አያገኝም፤ ስለዚህ ሁሉንም እንዳለ ይሸከማል።

መነሻዎቹን ፎቶዎች ከስልካቸው ወስጄ ስፋታቸውን ወደ 1600 ፒክስል ዝቅ አደረግሁና በጄፔግ ጥራት 80 አስቀመጥኳቸው። እያንዳንዱ ወደ 300 ኪሎ ባይት ወረደ። ከዚያ ከባዱንና ቀላሉን ጎን ለጎን አሳየኋቸው። ጋሼ የታንኳው ደንገል የታሰረበትን ቦታ አጉልተው እያፈራረቁ ተመለከቱና «ታዲያ ልዩነቱ የታለ?» አሉኝ። እኔም ሰው እንዲጠይቀው የምፈልገው ይህንኑ ነው።

«ጄፔግ ለሁሉም ይሆናል»

ይህ ደግሞ የተገላቢጦሹ ስሕተት ነው። የምግብ ዝርዝር በጄፔግ አስቀምጣችሁ «አምባዛ» የሚለውን ቃል ብታጎሉት በፊደሎቹ ዙሪያ ግራጫ ብናኝ ታያላችሁ። ጄፔግ ጥቁር ከነጭ በድንገት የሚገናኝበትን ጠርዝ አይችልበትም። ጽሑፍ፣ ሠንጠረዥ፣ ከስክሪን የተነሣ ምስል፣ ወጥ ቀለም ያለው ሥዕል፤ እነዚህ የፒኤንጂ ቦታዎች ናቸው። እዚህ ላይ ፒኤንጂ ንጹሕ ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ቀላልም ነው። ጀርባው ባዶ የሆነ፣ ማለትም ከኋላው ያለው ቀለም የሚታይበት ሎጎም ጄፔግ ሊሆን አይችልም፤ ጄፔግ ባዶ ጀርባ ስለማያውቅ አረንጓዴው ገጽ ላይ ነጭ ሳጥን ይዞ ይመጣል። ለሎጎ ከሁሉም የሚሻለው ኤስቪጂ ነው፤ ምስሉን በፒክስል ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ ስለሚይዝ የቱንም ያህል ቢጎላ አይደበዝዝም። ነገር ግን ከሎጎው ሠሪ መነሻውን ሥዕል ተቀበሉ። ፎቶን ኤስቪጂ ውስጥ ከትቶ መስጠት ምንም አይጠቅምም።

አንድ አስጎብኚ የዘጌውን የዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች ፎቶ «ሥዕል ስለሆነ» ብሎ በፒኤንጂ ላከልኝ። የሥዕል ፎቶም ፎቶ ነው። የግድግዳው ሸካራነት፣ ከበሩ የገባው ብርሃን፣ የደበዘዘው ቀለም ሁሉ አብረው ተነሥተዋልና ለእሱ ጄፔግ ወይም ዌብፒ (ለድረ ገጽ የወጣ ሌላ የምስል ፋይል ዓይነት) ይበቃል።

«የስሙን መጨረሻ ከቀየርኩ ፋይሉ ተቀየረ»

አልተቀየረም። የፋይሉ ማንነት የሚታወቀው ከውስጡ ነው፤ የፒኤንጂ ፋይል ሲጀምር ፒ፣ ኤን፣ ጂ የሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት እዚያው ተጽፈው ይገኛሉ። አንዳንድ ፕሮግራም ስሙን ትቶ ውስጡን አንብቦ ስለሚከፍተው ሰው የተሳካለት ይመስለዋል። በአይፎን ፎቶ ላይ ግን ጉዱ ይወጣል። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ፣ ካልተነካ በቀር፣ ፎቶ የሚያስቀምጠው ኤችኢአይሲ በሚባል ሌላ የፋይል ዓይነት ነው፤ ይህን ደግሞ ክሮም አይከፍተውም። ስሙን ጄፒጂ ብላችሁ ብትጭኑት ገጹ ላይ የሚታየው የተሰበረ ምስል ምልክት ብቻ ነው። በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ክፈቱና በጄፔግ እንደገና አስቀምጡት። ወይም ከመነሻው በስልኩ ቅንብር ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማትስ ገብታችሁ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ምረጡ።

አጫጭሮቹን ላፍጥናቸው።

«ጄፒጂና ጄፔግ ይለያያሉ።» አንድ ናቸው። አንዳንድ የድሮ ኮምፒውተር ከሦስት ፊደል በላይ ቅጥያ (ከፋይሉ ስም መጨረሻ ነጥብ ቀጥሎ የሚጻፈው) ስለማይቀበል ያጠረ ነው።

«ጄፔግ በተከፈተ ቁጥር ይበላሻል።» መክፈትም መቅዳትም አይጎዳውም። የሚጎዳው እየነካኩ ደጋግሞ ማስቀመጥ ነው፤ ስለዚህ መነሻውን አትንኩ፣ ቅጂው ላይ ሥሩ።

«ለድረ ገጽ 72 ዲፒአይ ግዴታ ነው።» ዲፒአይ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ነጥብ እንደሚታተም የሚናገር ቁጥር ነው፤ ለማተሚያ ነው። ስክሪን የሚያየው ፒክስል ነው፤ 1600 ፒክስል በ72ም በ300ም ያው 1600 ነው።

«ዌብፒ ብዙ ቦታ አይከፈትም።» ጎግል ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ የአፕል ብራውዘር ሳፋሪም በ2020 ስለተቀበለው ዛሬ የታወቁት ብራውዘሮች ሁሉ ይከፍቱታል። ከጄፔግም ይቀልላል። የሚያስቸግረው ያረጀ ፕሮግራም ያለበት ማተሚያ ቤት ስትወስዱት ነው፤ ለዚያ ጄፔጉን አኑሩ።

«ጂአይኤፍ ለፎቶም ይሆናል።» 256 ቀለም ብቻ ነው የሚይዘው። የጣና ጀንበር ስትጠልቅ ያለውን ሰማይ ስጡትና ሰማዩ ይሸነሸናል።

ፎቶ ስትልኩልኝ ደግሞ ይህን አድርጉ። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል መንገድ ላይ እንደገና ይጨመቃል፣ ስፋቱም ይቀንሳል። «ፋይል» በሚለው በኩል ላኩት፤ እንዳለ ይደርሰኛል። እንዳለ ሲደርስ ግን የስልኩ የቦታ መጠቆሚያ ክፍት ከነበረ ፎቶው የተነሣበት ቦታም አብሮ ይመጣል። ለማረፊያ ቤት ፎቶ ምንም አይደለም፤ የልጆቻችሁን ወይም የመኖሪያ ቤታችሁን ፎቶ ራሳችሁ ድረ ገጽ ላይ የምትጭኑ ከሆነ ግን የቦታ መረጃውን አስቀድማችሁ አጥፉት።