ሃሺሞቶ ኢንሴፋሎፓቲ ምንድን ነው?

ሃሺሞቶ ኢንሴፋሎፓቲ የሰውነት መከላከያ ሥርዓታቸው አንገት ላይ የሚገኘውንና ሆርሞን የሚያመነጨውን የገዛ ታይሮይድ ዕጢያቸውን በሚያጠቃባቸው ሰዎች ላይ አልፎ አልፎ የሚታይ የአንጎል ሥራ መታወክ ነው። ስያሜው ጃፓናዊው ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ1912 ከገለጹት የታይሮይድ ሕመም የተወሰደ ሲሆን፣ የአንጎሉን መታወክ ከዚህ ሕመም ጋር አያይዘው በ1966 የጻፉት እንግሊዛዊው የነርቭ ሐኪም ራስል ብሬይንና ባልደረቦቻቸው ናቸው።

ሕመሙ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይገለጣል። ታማሚው የጀመረውን ዐረፍተ ነገር መጨረስ ያቅተዋል፣ ብርጭቆ ሲያነሣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የሌለ ነገር ያያል ወይም ይሰማል፤ አንዳንዱን ሰውነቱን የሚያንዘፈዝፍ የሚጥል ሕመም ይይዘዋል፤ ሌላው ደግሞ ስትሮክ እንደመታው ሁሉ ንግግሩ ድንገት ጠፍቶ ይመለስለታል። ብዙዎች የአእምሮ ሕመምተኛ ተብለው ወራት የሚያልፉባቸው በዚህ የተነሣ ነው፤ ይህም በጣም የሚያሳዝን ነው፤ ምክንያቱም ሊታከም የሚችል ሕመም ነው።

የታይሮይድ ሆርሞን መጠን ብዙውን ጊዜ ጤናማ ወይም በጥቂቱ ዝቅ ያለ ስለሚሆን፣ የአንጎሉ መታወክ ከሆርሞን እጥረት የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ የታይሮይድ ክኒንም እጥረቱን ይሞላል እንጂ ይህን መታወክ አያድንም። በደም ውስጥ የሚፈለገው ፀረ ቲፒኦ የሚባለው፣ የመከላከያ ሥርዓቱ በታይሮይድ ላይ የሚያመነጨው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ነገር ግን ይህ ፀረ እንግዳ አካል ምንም ሕመም በሌለባቸው ብዙ ሰዎች ደም ውስጥም ይገኛል፤ መጠኑ መብዛቱም የሕመሙን ክብደት አያመለክትም። ስለዚህ ውጤቱን ብቻ አይቶ «ይህ ነው» ማለት አደገኛ ነው። በ2016 የወጣው የምርመራ መስፈርትም ሌሎች ምክንያቶች አስቀድመው እንዲወገዱ ይጠይቃል፤ ማለትም የአንጎል ኢንፌክሽን፣ የሶዲየም መዛባት፣ የጉበትና የኩላሊት ድካም፣ የመድኃኒት መመረዝ፣ እንዲሁም በሌሎች ፀረ እንግዳ አካላት የሚመጡ የአንጎል ብግነቶች መፈተሽ አለባቸው። ኤምአርአይ የሚባለው የአንጎል ምስል ብዙ ጊዜ ጤናማ ሆኖ ይታያል፤ የአንጎል ሞገድ ምርመራ የሞገዶቹን ፍጥነት መቀነስ፣ የአከርካሪ ፈሳሽ ደግሞ የፕሮቲን መጨመርን ሊያሳይ ይችላል።

የመጀመሪያው ሕክምና የመከላከያ ሥርዓቱን ጥቃት የሚያበርደው ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት ነው። ብዙ ጊዜ በቀን 1 ግራም ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ከ3 እስከ 5 ቀናት በደም ሥር ከተሰጠ በኋላ፣ ፕሬድኒሶሎን የተባለው ሌላ ስቴሮይድ በአፍ ቀጥሎ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። አንዳንዱ ታማሚ በቀናት ውስጥ ቤተሰቡን ለይቶ ማወቅ ይጀምራል። ሆኖም ሁሉም ለስቴሮይድ መልስ አይሰጥም፤ ለእነዚህ በደም ሥር የሚሰጥ ኢሚዩኖግሎቡሊን (ከለጋሾች ደም የተወሰደ ፀረ እንግዳ አካል)፣ የፕላዝማ ልውውጥ (የደሙን ፈሳሽ ክፍል አውጥቶ መተካት)፣ ወይም የመከላከያ ሥርዓቱን የሚገቱት አዛቲዮፕሪንና ሪቱክሲማብ ይሞከራሉ፤ ያልተሻለው ታማሚ ምርመራም እንደገና ከመነሻው ይታያል። ስቴሮይድ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ይጠይቃል፤ ለረጅም ጊዜ ተወስዶ በድንገት ቢቋረጥ ደግሞ በሽታው ሊያገረሽ ከመቻሉም በላይ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ሰውነት የሚፈልገውን የተፈጥሮ ስቴሮይድ ማመንጨት ሊያቅታቸው ስለሚችል፣ መቀነሱ ሁልጊዜ በሐኪም ትእዛዝ ይሁን።